ቆርኪው ሲራራቅ ለምን በዛ? ስለ ሕፃናት አስተሳሰብ እድገት ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «በሐዋሳ ከተማ በአንድ አፀደ ሕፃናት የዩኬጂ መምህርት ነኝ። በአንድ ሥልጠና ላይ ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ አመዛዝኖ ማሰብ ስለማይችል ማጫወት እንጂ ማስተማር አያስፈልግም ተባልን። በሌላ ሥልጠና ደግሞ ከታገዘ ማንኛውም ልጅ ማንኛውንም ነገር መማር ይችላል ተባልን። ራሴ ልሞክረው ብዬ ስድስት ስድስት ቆርኪ በሁለት መስመር ደርድሬ አንድ የ6 ዓመት ተማሪዬን ስጠይቀው እኩል ናቸው አለኝ፤ አንዱን መስመር አራርቄ ደግሜ ስጠይቀው ግን የተራራቀው ይበልጣል አለ። ይኸው ልጅ ቅዳሜና እሑድ ሐይቁ ዳር ከእናቱ ጋር የተጠበሰ በቆሎ ሲሸጥ መልስ አሳስቶ አያውቅም። ልጁ ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ነው? ከንድፈ ሐሳቦቹስ ትክክለኛው የትኛው ነው?»

የተከበሩ መምህርት፣

በመጀመሪያ ስለ ልጁ ልናገር። ካቀረቡት መረጃ ተነሥቼ ስመለከተው ልጁ ወደ ኋላ ቀርቷል የሚያሰኝ ምንም ነገር አላገኘሁም። የሰጠዎት መልስ በብዙ አገሮች የሚገኙ የ5 እና የ6 ዓመት ልጆች ሲሰጡት የኖረ መልስ ነው። ሁለተኛው ጥያቄዎ ግን በዚያ መልኩ እስከቀረበ ድረስ የሚመለስ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም እነዚህ ንድፈ ሐሳቦች በአብዛኛው ለተለያዩ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ናቸው። አንዱ ልጁ ብቻውን ሲያስብ አስተሳሰቡ ምን እንደሚመስል ይጠይቃል፤ ሌላው ከሚያግዘው ሰው ጋር ሲሆን ምን ማድረግ እንደሚችል ይጠይቃል፤ ሌሎቹ ደግሞ ልጁ የተጠየቀውን ነገር እንዴት እንደተረዳው፣ ወይም ችሎታው በየትኛው ሥራ ላይ እንደሚታይ ይመረምራሉ። የእርስዎ የቆርኪ ሙከራ እነዚህን ሁሉ የሚነካ ስለሆነ ምላሼን በእሱ ዙሪያ አደርጋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሙከራው የዣን ፒያዤ ነው። ፒያዤ በ1896 በስዊዘርላንድ በኖይሻቴል ከተማ የተወለደ፣ ገና ታዳጊ ሳለ ስለ ቀንድ አውጣና መሰል ፍጥረታት ይጽፍ የነበረ፣ ዶክትሬቱንም በተፈጥሮ ሳይንስ ያገኘ ሰው ነው። በ1920 ገደማ በፓሪስ የልጆችን የማሰብ ችሎታ የሚለኩ ፈተናዎችን የማዘጋጀት ሥራ ተሰጠው። ሥራው የሚጠይቀው ስንቱ ልጅ ትክክል እንደመለሰ መቁጠርን ነበር፤ እሱን የሳበው ግን የተሳሳቱት መልሶች ሆኑ። በተቀራራቢ ዕድሜ ላይ ያሉ ልጆች የሚሳሳቱት በዘፈቀደ ሳይሆን በአንድ ዓይነት መንገድ እንደሆነ አስተዋለ፤ ከዚህም ተነሥቶ ትንሹ ልጅ ከትልቁ የሚለየው ባነሰ እውቀት ብቻ ሳይሆን በራሱ በአስተሳሰቡ አሠራር ጭምር ነው ወደሚል መደምደሚያ ደረሰ። ለመምህር ከሥራው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። በየሥልጠናው ስላይድ ላይ በአራት ሣጥን ተከፍሎ የሚታየው የዕድሜ ሰንጠረዥ ከሥራው ደካማው ክፍል ሲሆን፣ ሠልጣኙ ይዞት የሚወጣው ግን ብዙውን ጊዜ እሱን ነው።

ሰንጠረዡን ያውቁታልና በአጭሩ አልፈዋለሁ። ከልደት እስከ 2 ዓመት ሕፃኑ የሚያስበው በስሜት ሕዋሳቱና በእንቅስቃሴው ነው፤ ከዐይኑ የተሰወረ ዕቃ መኖሩን እንደሚቀጥል የሚረዳውም በዚሁ ጊዜ ውስጥ ነው። ከ2 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ በቃላትና በምስል ማሰብ ይጀምራል፤ ዱላውን ፈረስ አድርጎ ይጋልባል፤ ሆኖም ዐይኑ ፊት ጎልቶ የታየው ነገር ሌላውን ሁሉ ይጋርድበታል። ከ7 እስከ 11 ዓመት በሚጨበጡና በሚታዩ ነገሮች ላይ ሥርዓት ያለው አመክንዮ ያዳብራል፤ ከ11 ወይም ከ12 ዓመት ወዲህ ደግሞ በሐሳብ ብቻ ባለ ነገር ላይ፣ «እንዲህ ቢሆን ኖሮ» እያለ ማሰብ ይችላል። ፒያዤ ይህን የመጨረሻ ደረጃ በተመለከተ በ1972 አቋሙን አላልቶ፣ ሰዎች እዚያ የሚደርሱት ከ15 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ያውም እያንዳንዳቸው በሠለጠኑበት የሙያ መስክ ሊሆን እንደሚችል ጽፏል። የሰንጠረዡ ባለቤት ራሱ ያሻሻለውን ቁጥር እኛ እንደ ሕግ ይዘን መቀጠላችን የሚያስገርም ነው።

ከደረጃዎቹ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ልጁ ከአንዱ አስተሳሰብ ወደ ሌላው የሚሸጋገርበት መንገድ ነው። አንድ የ2 ዓመት ሕፃን ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ወስደው አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ ሲያሳዩት «ዶሮ!» ሊል ይችላል። አዲሱን ነገር ቀድሞ በያዘው እውቀት ውስጥ ማስገባቱ ነው። ዶሮ ያለው ፍጥረት ከእሱ እኩል ረዝሞ ሲቆም፣ የዓሣ ትርፍራፊ ሲውጥና ከዛፍ ላይ ሲያድር ሲያይ ግን የያዘው እውቀት አልበቃ ስለሚለው እውቀቱን ራሱን ይለውጣል። እንደ ፒያዤ አባባል እድገት የሚመጣው ከዚህ አለመጣጣም ነው፤ አለመጣጣሙን ደግሞ ልጁ ራሱ ሊያስተውለው ይገባል እንጂ ሌላ ሰው ስለነገረው ብቻ አይሠራም። «ማጫወት እንጂ ማስተማር አያስፈልግም» የሚለው አባባል የመነጨው ከዚህ ይመስለኛል። ፒያዤ ያለጊዜው በቃል የተሰጠ ትምህርት ልጁ ነገሩን ራሱ እንዳያገኘው ይከለክለዋል ብሎ ያስጠነቀቀ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም ልጁ የሚሠራበትን ነገር፣ የሚፈታተነውን ጥያቄና የሚከራከረውን እኩያ የማቅረብ ሥራ የመምህሩ ነው፤ ይህ ደግሞ ልጆችን ሜዳ ላይ ለቅቆ ከመቀመጥ እጅግ የከበደ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ቆርኪው ልመለስ። በፒያዤ ትንታኔ መሠረት ልጁ የመስመሩን ርዝመት ብቻ ስለሚያይ በቆርኪዎቹ መካከል የሰፋውን ክፍተት ከግምት አያስገባም፤ የተራራቀውን መልሶ ማቀራረብ እንደሚቻልም በሐሳቡ አያሰላም። ነገሩን ከልጁ ወገን ሆነን ስናየው ግን ሞኝነት የለበትም። በዕለት ተዕለት ኑሮ ረጅም ሰልፍ ብዙ ሰው፣ ረጅም የሸንኮራ አገዳም ብዙ ሸንኮራ ነው፤ ልጁ የተጠቀመበት ደንብ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራ ደንብ ነው። በተጨማሪም ፒያዤ ራሱ እንዳሳየው፣ ቁጥር በመራራቅ እንደማይለወጥ የተረዳ ልጅ የጭቃ መጠን ቅርጹ ሲለወጥ እንደማይለወጥ የሚረዳው ትንሽ ዘግይቶ ነው፤ ክብደትን 9 ወይም 10 ዓመት አካባቢ፣ ይዘትን (ነገሩ የሚይዘውን ቦታ) ደግሞ 11 ወይም 12 ዓመት አካባቢ ይረዳል። ስለዚህ አንድ ልጅ በአንድ ጊዜ በአንዱ ጉዳይ «ደርሷል»፣ በሌላው ደግሞ «አልደረሰም»። ይህን ካወቅን ልጁን በጅምላ በአንድ ደረጃ ላይ ማስቀመጥ ምን ያህል ትርጉም እንዳለው መጠየቅ እንጀምራለን።

ከሁሉ በላይ እንዲያስቡበት የምፈልገው ግን እርስዎ ጥያቄውን ያቀረቡበትን ሁኔታ ነው። አንድ ጊዜ ጠየቁት፤ እኩል ናቸው አለ። ከዚያ ዐይኑ እያየ አንዱን መስመር በእጅዎ አራራቁና ያንኑ ጥያቄ ደገሙለት። በእኛ አገር ትልቅ ሰው፣ ያውም መምህርት፣ አንድን ጥያቄ መልስ ከተሰጠ በኋላ ደግማ ስትጠይቅ ልጁ የሚረዳው ምንድን ነው? በቤትም በክፍልም የለመደው ጥያቄ የሚደገመው የመጀመሪያው መልስ ስሕተት ሲሆን እንደሆነ ነው። በዚያ ላይ መምህርቷ ሆን ብላ አንድ ነገር ለውጣለች፤ ስለዚህ የምትፈልገው ስለለወጠችው ነገር እንድናገር ነው ብሎ ቢያስብ ብልህነት እንጂ ድክመት አይደለም። ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። በ1974 ሱዛን ሮዝ እና ማሪዮን ብላንክ የመጀመሪያውን ጥያቄ ትተው ከለውጡ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ሲጠይቁ ልጆቹ የሚሳሳቱት ቀነሰ። በዚያው ዓመት ጄምስ ማክጋሪግል እና ማርጋሬት ዶናልድሰን በስኮትላንድ ባካሄዱት ጥናት ደግሞ መስመሩን የሚያበላሸው መርማሪው ሳይሆን ከሣጥን ወጥቶ የሚረብሽ «ባለጌ» የድብ አሻንጉሊት እንዲሆን አደረጉ። ለውጡ የትልቅ ሰው ሐሳብ ያለበት ሳይሆን ድንገተኛ ሲመስል፣ ከ4 እስከ 6 ዓመት ካሉት ልጆች እኩል ናቸው የሚሉት ቁጥር በእጅጉ ከፍ አለ። የተቆጠሩት ነገሮች ያው ነበሩ፤ የተለወጠው በልጁና በጠያቂው መካከል ያለው ነገር ነው።

ለእኛ አህጉር ቅርብ የሆነ ሌላ ማስረጃም አለ። ፓትሪሺያ ግሪንፊልድ በ1960ዎቹ በሴኔጋል ትምህርት ቤት ያልገቡ የወሎፍ ልጆችን ስታጠና፣ ውኃን ከአንድ ብርጭቆ ወደ ረጅምና ቀጭን ብርጭቆ ገልብጣ ጠየቀቻቸው። ብዙዎቹ በረጅሙ ውስጥ ያለው ይበልጣል አሉ፤ ምክንያታቸውን ሲጠየቁ ግን ከልጆቹ መካከል «አንቺ ስለገለበጥሽው ነው» የሚሉ ተገኙ፤ ማለትም ለውጡን ያመጣው የእንግዳዋ ሰው ኃይል ነው ብለው ያምኑ ነበር። ግሪንፊልድ ይህን ስትሰማ ውኃውን ልጆቹ ራሳቸው እንዲገለብጡ አደረገች፤ ትክክል የሚመልሱትም በብዛት ጨመሩ። የራሱ እጅ ምንም ልዩ ኃይል እንደሌለው ልጁ ያውቃላ!

የእይታ ጉዳይም እንዲሁ ነው። ፒያዤ እና ባልደረባው ባርቤል ኢንሄልደር ሦስት ተራሮች ያሉበት ሞዴል አቅርበው፣ ማዶ የተቀመጠ አሻንጉሊት ተራሮቹን እንዴት እንደሚያያቸው ሲጠይቁ ትንንሾቹ ልጆች ከራሳቸው ቦታ የሚታየውን ምስል መረጡ። ከዚህም ልጁ ነገሩን የሚያየው ከራሱ አንጻር ብቻ ነው ተባለ። የሐዋሳው የታቦር ተራራ ከሐይቁ መሐል ለዓሣ አጥማጅ ምን እንደሚመስል ከምስሎች መካከል ለይቶ ማውጣት ግን እግሩ ሥር ተወልዶ ላደገ ጎልማሳም ቀላል አይደለም። ማርቲን ሂዩዝ በ1970ዎቹ ነገሩን ለልጅ በሚገባ መልክ አዙሮ፣ ልጆቹ በግድግዳዎች መካከል አንድ አሻንጉሊት ከፖሊስ አሻንጉሊት እንዲደብቁ ሲጠይቃቸው፣ ከ3 ዓመት ተኩል እስከ 5 ዓመት ከሆናቸው ልጆች መልስ 90 በመቶ ያህሉ ትክክል ሆነ። ድብብቆሽ ተጫውቶ የሚያውቅ ልጅ ሌላው ሰው ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ ያውቃል።

እንግዲህ ፒያዤ ተሸነፈ ማለት ነው? አይደለም። ጥያቄው የቱንም ያህል ቢቀልል የ3 ዓመት ልጅና የ7 ዓመት ልጅ አንድ አይሆኑም፤ ልጁ ለመልሱ የሚሰጠው ምክንያትም በዕድሜ ይለወጣል። የ7 ዓመቱ ልጅ «ምንም አልጨመርሽም፣ ምንም አልቀነስሽም» ሲል፣ ትንሹ ቢመልስ እንኳን ለምን እንደሆነ ማስረዳት ያቅተዋል። የሐሳቡ ቅደም ተከተል በአመዛኙ ጸንቷል፤ የወደቀው የዕድሜው ቁጥር ነው። በጨቅላዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶችም ወደዚሁ ያመለክታሉ። ሬኔ ባያርዦን ከባልደረቦቿ ጋር በ1985 የ5 ወር ሕፃናት የማይቻል ነገር ሲፈጸም ለረጅም ጊዜ እንደሚመለከቱ፣ ስለዚህም የተሰወረ ዕቃ መኖሩን ፒያዤ ከገመተው ቀድመው የሚረዱ እንደሚመስሉ አሳየች። ለረጅም ጊዜ መመልከት በእርግጥ ማወቅ ነው ወይ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ለእርስዎ ክፍል ግን ይህ ክርክር ብዙም የሚጨምረው ነገር የለምና አልፈዋለሁ።

ሁለተኛው አሠልጣኝ የተናገረው ከሶቪየቱ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከሌቭ ቪጎትስኪ የመጣ ተደርጎ ስለሚታሰብ ወደ እሱ ልግባ። ቪጎትስኪ የተወለደው ከፒያዤ ጋር በአንድ ዓመት፣ በ1896፣ በዛሬዋ ቤላሩስ ውስጥ ነው፤ በ1934 በ37 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፤ ሁለቱ ሰዎች ፈጽሞ አልተገናኙም። የልጅ አስተሳሰብ በመጀመሪያ በሰዎች መካከል ይከናወናል፣ ከዚያም ወደ ልጁ ውስጥ ይገባል የሚለው ሐሳቡ ነው ሥራውን ሁሉ የሚሸከመው። የክፍልዎ ልጅ ሲቆጥር ወይም ሲሥል ለብቻው ሲያነበንብ ሰምተውት ይሆናል። ፒያዤ ይህን ንግግር ሰሚን ታሳቢ ያላደረገ፣ ልጁ ሲያድግ የሚጠፋ ነገር አድርጎ አይቶት ነበር። ቪጎትስኪ ግን ሥራው ሲከብድ ማነብነቡ እንደሚጨምር አሳይቶ፣ ልጁ ከትልልቆች የሰማውን መመሪያ አሁን ለራሱ እየሰጠ ነው፤ ኋላም ድምፁ ወደ ውስጥ ገብቶ ሐሳብ ይሆናል አለ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ምርመራዎች በዚህ ነጥብ ለቪጎትስኪ ያደላሉ። ስለዚህ በሥራ ላይ ያለ ልጅ ሲያነበንብ «ዝም ብለህ ሥራ!» ማለት የሚያስብበትን መሣሪያ መቀማት ነው።

የቅርብ የእድገት ቀጠና (ልጁ ብቻውን በሚችለውና ታግዞ በሚችለው መካከል ያለው ርቀት) የሚለውን ሐሳቡን ያስረዳበት ምሳሌ ደግሞ ለምዘና እጅግ ይጠቅማል። ሁለት ልጆች ለብቻቸው ሲፈተኑ የ8 ዓመት ልጅ የሚሠራውን ያህል ይሠራሉ እንበል። ከዚያ ትንሽ ፍንጭ፣ መሪ ጥያቄ ወይም የመፍትሔው መጀመሪያ ሲሰጣቸው አንዱ እስከ 12 ዓመት ልጅ የሚሆነውን ይሠራል፤ ሌላው ከ9 አያልፍም። የፈተና ወረቀቱ እኩል ናቸው ይላል፤ ለሚያስተምራቸው ሰው ግን እኩል አይደሉም። እዚህ ላይ የሁለተኛው አሠልጣኝ ስሕተት ይታያል፤ ቀጠናው ወሰን አለው። ሁለተኛው ልጅ ታግዞም ከ9 አላለፈም። ማንኛውንም ትምህርት ለማንኛውም ልጅ ማስተማር ይቻላል የሚለው አባባል በእርግጥ የአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ የጄሮም ብሩነር የ1960 ሐሳብ ነው፤ እሱም ቢሆን ትምህርቱ ባሕርዩን ሳይስት ልጁ በሚገባው መልክ ከቀረበ የሚል ቅድመ ሁኔታ ነበረው። አሠልጣኙ ቅድመ ሁኔታውን መንገድ ላይ ጥሎታል።

እገዛ ሲባልም እንዴት ያለ እገዛ? ዴቪድ ዉድ፣ ብሩነር እና ጌል ሮስ በ1976 ያወጡት ጥናት ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆናቸው ልጆች የእንጨት ቁርጥራጮችን ገጣጥመው ፒራሚድ ሲሠሩ አዋቂ እንዴት እንደሚያግዛቸው የመረመረ ነው። ከእሱና ዉድ ካካሄዳቸው ተያያዥ ጥናቶች የተገኘው ትምህርት ቀላል ይመስላል፤ ልጁ ሲያቅተው እገዛውን ጨምር፣ ሲሳካለት ወዲያው ቀንስ። በተግባር ግን ሁለተኛው ክፍል ይከብደናል። የልጁን እጅ ይዘን «ሀ»ን ስንጽፍለት እንከርምና እጁን መልቀቅ እንረሳለን። በነባሩ የቄስ ትምህርት ቤት ትንሽ ቀደም ያለው ተማሪ አዲሱን ፊደል የሚያስቆጥርበት ልማድ በዚህ ረገድ ጥሩ ጎን ነበረው፤ ነባሩ ልጅ የራሱን ንባብ ለየኔታ ማሰማት ስላለበት አዲሱን ቶሎ ለቅቆት ይሄዳል። ያው ልማድ ፊደሉን በተርታ በቃል ማስወጣት ላይ መቆሙ ደግሞ ድክመቱ ነበር፤ «በ»ን ለማግኘት ከ«ሀ» ተነሥቶ የሚወርድ ልጅ ፊደል ለየ አይባልም።

አሁን የበቆሎው ጉዳይ ቀረ፤ ለእኔ ከጥያቄዎ ሁሉ የሚያጓጓው እሱ ነው። ተረዚኛ ካራየር፣ ዴቪድ ካራየር እና አናሉሲያ ሽሊማን በ1985 ያወጡት ጥናት በብራዚል በሬሲፌ ከተማ ገበያ የሚሸጡ ከ9 እስከ 15 ዓመት የሆናቸው 5 ልጆችን ይመለከታል። ተመራማሪዎቹ እንደ ገዢ ቀርበው ሲጠይቋቸው ልጆቹ 98 በመቶ ያህሉን ሒሳብ ትክክል ሠሩ። ያንኑ ዓይነት ስሌት በቃላት በተጻፈ ጥያቄ ሲያቀርቡላቸው ወደ 74 በመቶ፣ በባዶ ቁጥር ብቻ ሲያቀርቡላቸው ደግሞ ወደ 37 በመቶ ወረደ። አንዱ የኮኮናት ሻጭ የአራት ኮኮናት ዋጋ ሲጠየቅ፣ የሦስቱ 105 እንደሆነ ያውቅ ስለነበር በላዩ 30 ከዚያም 5 ጨምሮ 140 አለ። በኋላ 35 ሲባዛ በ4 ተብሎ ወረቀት ሲሰጠው ግን ከ20 የያዘውን 2 ከመባዛቱ በፊት ከ3 ጋር ደምሮ 200 ጻፈ። ገበያ ላይ ቢሆን ለአራት ኮኮናት 200 የሚል ሻጭ አይኖርም፤ ወረቀቱ ላይ ግን ቁጥሮቹ የምንም ነገር ዋጋ አልነበሩም። በሜክሲኮም በ1969 በወጣ ጥናት የሸክላ ሠሪ ቤተሰብ ልጆች የጭቃ መጠን ቅርጹ ሲለወጥ እንደማይለወጥ በመረዳት ከእኩዮቻቸው በልጠው ተገኝተዋል። ችሎታ የሚያድገው እጅ በሚውልበት ሥራ ላይ ነው።

ሆኖም ተማሪዎን ቸኩለው የሒሳብ ሊቅ እንዳያደርጉት አደራ እላለሁ። የእናቱ በቆሎ ዋጋው አንድ ከሆነና ገዢው የሚሰጠው የታወቀ የብር ኖት ከሆነ፣ ልጁ መልሱን እያሰላ ሳይሆን በቃሉ ይዞት ሊሆን ይችላል። ይህን መለየት አይከብድም፤ ሸጦ የማያውቀውን ብዛት ወይም ዋጋ ይጠይቁትና እንዴት እንደሚያገኘው ያዳምጡ። ሮበርት ሲግለር እንዳሳየው ልጆች አንድን ድምር በአንድ ጊዜ በብዙ መንገድ ይሠራሉ፤ ያው ልጅ ዛሬ ከአንድ ጀምሮ በጣቱ ይቆጥራል፣ ነገ ከትልቁ ቁጥር ተነሥቶ ይቀጥላል፣ ለአንዳንዱ ደግሞ መልሱን ከቃሉ ያወጣል። መንገዶቹ ሐይቅ ላይ እንደሚደራረብ ማዕበል አንዱ ሳይወርድ ሌላው ይነሣል። በአንድ ቀን በአንድ ጥያቄ የታየው መልስ ስለዚህ የልጁን አስተሳሰብ ሁሉ አይወክልም።

ሙከራውን እንዲህ ቢደግሙት እመክራለሁ። ከቆርኪ ይልቅ ከረሜላ ወይም የበቆሎ ፍሬ ይሁን፤ የሚያራርቀው ልጁ ራሱ ወይም ሌላ ልጅ ይሁን፤ ጥያቄው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከለውጡ በኋላ ይቅረብ፤ ልጁ በቤቱ የሚናገረው ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ ከሆነ በዚያው ቋንቋ የሚጠይቀው ሰው ይፈለግ። መልሱ ምንም ይሁን ምን «እንዴት አወቅህ?» ብለው ይጠይቁትና ያለውን ቃል በቃል ይጻፉ። ቆጥሮ ከሆነ፣ አንድ ለአንድ አጋጥሞ ከሆነ፣ ወይም «አልጨመርንም» ካለ ሦስቱ የተለያዩ አስተሳሰቦች ናቸው። የተለያየ መልስ የሰጡ ሁለት ልጆችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማከራከርም ከእርስዎ እርማት የበለጠ ሊሠራ ይችላል። ለመደመርና ለመቀነስ ደግሞ ገበጣን የሚስተካከል መሣሪያ በርካሽ አያገኙም፤ ጠጠሩ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ሲሄድ ጠቅላላ ብዛቱ እንደማይለወጥ ልጁ በእጁ ይዞ ያየዋል፤ ከመዝራቱ በፊት የት እንደሚያልቅለት መገመትም ይጀምራል።

በዩኬጂ ልጆቻቸው ድምር በወረቀት እንዲሠሩ ለሚጠይቁ ወላጆች፣ ልጁ በጠጠርና በብር የሚሠራውን በጽሑፍ ምልክት ከማስጻፍ በፊት በቃል እንዲያስረዳ እያደረጉ እንደሆነ ይንገሯቸው። አንደኛ ክፍል መግቢያው 7 ዓመት ነውና ጊዜ አለ፤ ምልክቱን ቀድሞ መጻፍ በራሱ ጉዳት ባይኖረውም፣ ልጁ 3 + 4 = 7 ብሎ ጽፎ በጠጠር አሳየኝ ሲባል የሚጠፋው ከሆነ የተማረው ሥዕል ነው።

ወደ ኋላ መቅረት የሚያሳስብዎ ልጅ ካለ የሚመለከቱት ሌላ ነው፤ ከኋላው ሲጠሩት የማይዞር፣ በቤቱ ቋንቋ የተሰጠውን ባለ ሁለት እርምጃ ትእዛዝ የማይከተል፣ ቤተሰቡ እንኳ ንግግሩን የማይረዳለት፣ ከሌሎች ጋር ፈጽሞ የማይጫወት፣ ወይም ቀድሞ ይችለው የነበረውን የተወ ልጅ ትኩረት ይሻል። እንዲህ ያለውን ልጅ ስለ አስተሳሰቡ ምንም ከመባሉ በፊት ጆሮውንና ዐይኑን እንዲያስመረምሩት ለወላጆቹ ይንገሯቸው፤ እስከዚያው ድረስም ፊት ወንበር ላይ፣ አፍዎን በሚያይበት ቦታ ያስቀምጡት።